የማንቆርቆሪያን ነጭ ቅርፊት ያለ ጉዳት ማስለቀቅ፦ ለላምበረትና ለአካባቢው ቤቶች

የማንቆርቆሪያዎን ክዳን ይክፈቱና ወደ መስኮት አዙረው ውስጡን ይመልከቱ። ወለሉ ላይ ወይም በማሞቂያው ሽቦ ዙሪያ ነጭ ወይም ግራጫ ሻካራ ነገር ተጋግሮ ካዩ በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። ዱቄት ሆኖ ጣትዎ ላይ ከቀረ ገና ጀማሪ ነው። እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰነጠቀ የሚነሳ ከሆነ ግን ወራት ተደራርበውበታል። የተነሳችውን ስባሪ አገላብጠው ያስተውሉ፤ ብረቱን ተጠግቶ የኖረው ጀርባዋ ልስልስ ያለ ነው፣ ፊቷ ሻካራ ነው፣ ጠርዟ ላይ ደግሞ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ መነባበሩ ይለያል። ጠዋት ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆው ላይ የምትንሳፈፈው ነጭ ብናኝ ከዚችው የተላጠች ናት።

ይህ ቅርፊት መርዝ አይደለም፤ ስለዚህ በድንጋጤ የሚደረግ ምንም ነገር የለም። ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ተቃጥሎ ኖራ የሚወጣው ድንጋይም የተሠራው ከዚሁ ነው። የዝናብ ውሃ ወደ መሬት ሲሰርግ ከአፈሩና ከአለቱ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይይዛል። ውሃው እስከቀዘቀዘ ድረስ ማዕድናቱ በዓይን አይታዩም። ሲፈላ ግን አሟሙቶ የያዛቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተንኖ ይሄዳል፤ ካልሲየሙም ከሁሉ ይበልጥ በሚግለው ቦታ ላይ ይጋገራል።

የሚጎዳው ዕቃው ነው። ቅርፊቱ ሙቀት እንደ ብረት አያሳልፍም። በከሰል ወይም በቡታጋዝ በሚጣድ ማንቆርቆሪያ ከሆነ ነዳጅ በከንቱ ያልቃል፤ እሳቱ ጎን ለጎን ያልፋል፣ ውሃው ለመፍላት ይዘገያል። የኤሌክትሪኩ ችግር ሌላ ነው። ሽቦው ሙቀቱን ለውሃው ማስረከብ ሲያቅተው ራሱ ይግላል፤ መከላከያው ቴርሞስታትም ውሃው ገና ሳይፈላ ያጠፋዋል። «ማንቆርቆሪያዬ ቶሎ ይጠፋብኛል» ብለው ወደ ጥገና ከመውሰድዎ በፊት ውስጡን ያጽዱ፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ እዚያው ነው።

ውሃው ከየት ነው የመጣው?

አዲስ አበባ ውስጥ ላምበረት ላይ የአንዱ ቤት ማንቆርቆሪያ ዓመት ሙሉ ሳይነጣ የጎረቤቱ በወራት ውስጥ ድንጋይ ሊሠራ ይችላል። ሁሉም ቤት የሚጠጣው አንድ ውሃ አይደለም። በምሥራቅ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚገባው የመስመር ውሃ ዋና ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራው የለገዳዲ ግድብና በ1999 የተጨመረው የድሬ ግድብ ነው። ይህ የዝናብና የወንዝ ውሃ ስለሆነ ከአለት ጋር ብዙ አልቆየም፤ ለስላሳ ነው፣ ቅርፊትም ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በዚያው በለገዳዲ አካባቢ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ በከተማው ውስጥም የራሳቸው ጉድጓድ ያላቸው ሆቴሎችና ሕንፃዎች አሉ። የጉድጓድ ውሃ መሬት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለቆየ ማዕድኑ ይበዛል። ሰፈሩ ውሃ አጥቶ በቦቴ ሲያስመጣ ደግሞ ከየት እንደተቀዳ ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

እውነተኛውን ጠንካራ ውሃ የሚያውቁት ግን ድሬዳዋ ወይም መቐለ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም የኖራ ድንጋይ አገሮች ናቸው፤ እዚያ ማንቆርቆሪያ ብቻ ሳይሆን የቧንቧ አፍና የሻወር ራስ ጭምር ይደፈናል። ከእነዚያ ከተሞች የመጣ ሰው የላምበረትን ቅርፊት አይቶ ምን አላት ቢል እውነቱን ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለዚያም ለዚህም ይሆናል፤ እዚያ የሚበዛው የመደጋገሙ ብዛት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሹ

የመጀመሪያው ያ የተጋገረው ነገር በእርግጥ ኖራ መሆኑን ነው። ማንቆርቆሪያውን ከሶኬት ነቅለው፣ ቀዝቅዞ፣ ውስጡ ደርቆ ሳለ ግማሽ ሎሚ ይዘው ሁለት ሦስት ጠብታ ነጩ ላይ ያድርጉ። ጠጋ ብለው ይዩት። ጠብታዋ ሥር ደቃቃ አረፋ ካኩረፈረፈ ካርቦኔት ነው፣ ጎምዛዛ ነገር ያሟሟዋል። ምንም ካልተንቀሳቀሰና ቀለሙ ወደ ቡናማ ካደላ አብዛኛውን ጊዜ ደለል ወይም የብረት ዝገት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የተለመደ ነው፤ መስመሩ ባዶ ቆይቶ ውሃ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ውሃ ደፍርሶ ይመጣል፣ ሮቶው ውስጥ ይረጋል፣ ከሮቶው ወደ ማንቆርቆሪያው ይገባል። ደለሉ በሞቀ ውሃ፣ በጥቂት የዕቃ ፈሳሽ ሳሙናና በስፖንጅ ይለቃል፤ ሥሩ ግን ሮቶው ነውና እሱን ካላጠቡት ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ፍተሻ ሰዓት ነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያስገቡና ለመፍላት የሚፈጅበትን ደቂቃ ይያዙ። 1,500 ዋት የሆነ ደህና ማንቆርቆሪያ አንድ ሊትሩን አራት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ማፍላት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው በቅርፊት የሚያማርርበት ችግር የመብራቱ ነው። ማታ ሁሉም ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ከወረደ 1,500 ዋት የነበረው ማንቆርቆሪያ የሚሠራው በ1,000 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ልኬቱን ኃይሉ ደህና በሆነበት በረፋድ ያድርጉት፤ ከጽዳቱ በኋላም በዚያው ሰዓት ይድገሙት።

የሚያስፈልገው

አቼቶ በየሱቁ አለ። ነጩን ይምረጡና ጠርሙሱ ላይ የአሲድ መጠኑ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚል መሆኑን ይመልከቱ። ግማሽ ሊትር 5 በመቶ አቼቶ በስሌት ሃያ ግራም ያህል ቅርፊት የማሟሟት አቅም አለው፤ ይህ ለአንድ የቤት ማንቆርቆሪያ ከበቂ በላይ ነው። የአቼቶ ሽታ የማይስማማው ሰው የኬክ ግብዓት ከሚሸጡ ሱቆች ለምግብ የሚሆን ሲትሪክ አሲድ መጠየቅ ይችላል፤ ሃያ አምስት ግራም፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ የግማሽ ሊትር አቼቶን ሥራ ይሠራል። እኔ ለቤት የምመርጠው ሲትሪክ አሲዱን ነው፤ ሽታ አይተውም። ሎሚም ይሆናል፤ ጭማቂው ውስጥ ያለው ያው ሲትሪክ አሲድ ነው። ሎሚ በተወደደበት ወቅት ግን ለዕቃ ማጠቢያ ማዋሉ አያዋጣም፤ ለስስ ቅርፊት ካልሆነም አቅሙ አይደርስም።

ከዚህ ሌላ ጨርቅ፣ ለስላሳ ስፖንጅ፣ የእንጨት ማንኪያ። እና ውሃ። ለማጠብና ለማለቅለቅ አራት አምስት ሊትር ይፈጃል፤ ስለዚህ ፈረቃው የእርስዎ በሆነበት ቀን ወይም ጀሪካኑ ሙሉ ሲሆን ይጀምሩ። መሐል ላይ ውሃ ጠፍቶ ውስጡ በአሲድ እንደተነከረ እንዲያድር አይፈልጉም።

አሠራሩ፣ ለኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ

መስኮት ይክፈቱ፤ ሕፃናትን ከማድ ቤት ያስወጡ። ቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ማንቆርቆሪያው ለዛሬ ለሻይ እንደማይሆን ይንገሩ፤ የሆነ ሰው መጥቶ ሳያውቅ ሊቀዳ ይችላል። ይህን ሥራ የምትሠራው የቤት ሠራተኛዋ ከሆነች «አጽጂው» ብሎ መተው አይበቃም፤ ከታች የምዘረዝረውን አደጋ አብረዋት ቁጭ ብለው ያስረዷት፤ የእርሷ ሳንባና የእርሷ እጅ ነው።

አቼቶውን ማንቆርቆሪያው ውስጥ አያፍሉት። ሲፈላ አረፋው ይገነፍልና ማስቀመጫው ላይ ያሉትን የኤሌክትሪክ ነጥቦች ያርሳል፤ ትነቱም ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ ብቻውን ያፍሉ፤ መለኪያ ካጡ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ሲፈላ ያጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ማንቆርቆሪያውን ከማስቀመጫው ያንሱና እርጥበት የማይጎዳው ቦታ ላይ ያኑሩት። ሁለት ደቂቃ ይታገሡ። ከዚያ ግማሽ ሊትር አቼቶ በቀጭኑ ያንቆርቁሩበት፤ ፊትዎን ከአፉ ራቅ ያድርጉ። ወዲያው መንጫጫት ይጀምራል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አረፋው ወደ ላይ ከመጣ ማፍሰሱን ያቁሙና እስኪረጋ ይጠብቁ። ፈሳሹ ቅርፊቱን ካልሸፈነው አቼቶና ውሃ እኩል አድርገው ይጨምሩበት።

በሲትሪክ አሲድ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሃያ አምስቱን ግራም አማስለው ያስገቡ፤ የፈላ ውሃ አይጠቀሙ። ሲትሪክ አሲድ ከካልሲየም ጋር የሚፈጥረው ጨው በሙቅ ውሃ መሟሟት ይከብደዋል፤ ውሃው በጣም ከሞቀ አሮጌው ቅርፊት ለቆ በምትኩ ሌላ ነጭ ሽፋን ሊጣበቅ ይችላል።

ሠላሳ ደቂቃ ይተዉት። በየአሥር ደቂቃው ማንቆርቆሪያውን በእጅዎ ዞር ዞር ያድርጉት፤ የለቀቀው ቅርፊት ተነስቶ ከሥሩ ያለው አዲስ አሲድ ያገኛል። መንጫጫቱ ቆሞ ቅርፊቱ ገና ካለ አሲዱ አልቋል ማለት ነው፤ ያንኑ ማቆየት ከንቱ ነው፣ ደፍተው አዲስ ይጨምሩ። ወፍራም ቅርፊት ሁለት ሦስት ዙር ይፈልጋል። ማሞቂያው ሽቦ እንደ ቀለበት ውስጡ የሚታይ ዓይነት ከሆነ በአንድ ዙር ከአንድ ሰዓት አይለፉ፤ በላዩ ላይ ያለው የኒኬል ቅብ በአሲድ ሊላጥ ይችላል። ወለሉ ልሙጥ የብረት ዝርግ የሆነው ይበልጥ ይችላል።

የቀረውን በእንጨት ማንኪያ እጀታ ላይ ጨርቅ ጠቅልለው አሸት አሸት ያድርጉት። በቢላ መፋቅ፣ በሽቦ መፈግፈግ ክልክል ነው። ስስ የሆነው ዝገት የማይይዘው ብረት አንዴ ከተጫረ ጭረቱ ውስጥ የሚቀጥለው ቅርፊት ይበልጥ ይጣበቃል፤ ከሽቦው የሚቀሩት ብናኞችም ራሳቸው ይዝጋሉ። አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት አውልቀው በአንድ ስኒ አቼቶ ውስጥ ነክረው ያቆዩ፤ እሷ ስትደፈን ነው ውሃው ክዳኑን አልፎ እጅ የሚያቃጥለው።

ከዚያ ይድፉና ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ። ውጩንና ታችኛውን የኤሌክትሪክ ክፍል ቧንቧ ሥር አይዝፈቁ፤ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉና ደህና አድርገው ያድርቁ። ንጹሕ ውሃ ሞልተው አፍልተው ይድፉ፤ የአቼቶ ሽታ እስኪጠፋ ይድገሙት። የሚደፋው የአቼቶ ውሃ ሲቀዘቅዝ የቧንቧ ራስና የሴራሚክ ግድግዳ ነጭ ነጠብጣብ ያጸዳል፤ ውሃ ውድ በሆነበት ሰፈር መድፋቱ ያሳዝናል። እብነ በረድ ላይ ግን አያድርጉት፤ እሱም ካርቦኔት ስለሆነ ይበላዋል።

ፈጽሞ የማይደረግ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ያንብብ። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሲትሪክ አሲድ ጋር አይቀላቅሉ። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ብዙ ቤት ዕቃ በበረኪና ማንጣት የተለመደ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው፤ «ሁለቱን ብጨምር ይበልጥ ይነጣል» የሚለው ሐሳብ በቀላሉ ይመጣል። በረኪና በዚያ ላይ ኖራን አያሟሟም፤ ቀለሙን ቢያነጣው እንጂ። በድንገት ተቀላቅሎ የሚቆረቁር ሽታ ከመጣ ዕቃውን ለማንሳት አይታገሉ፤ ትንፋሽዎን ይዘው ይውጡ፣ ሰዎችን ያስወጡ፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበትን ሰው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

ለሽንት ቤት ማጽጃ የሚሸጠውን አሲድም ማንቆርቆሪያ አያሳዩት። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቅርፊቱን በአንድ አፍታ ያነሳዋል፤ ብረቱንም አብሮ ይበላል፣ የሚጠጣበት ዕቃም ነው። የተረፈ አቼቶም ሆነ ማንኛውም አሲድ በሃይላንድ ወይም በአምቦ ውሃ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ለአሥራ አምስት ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያጥቡ፤ ከዚያ ሐኪም ይየው።

የአሉሚኒየም በራድ፣ ጀበና፣ የሻይ ነጋዴው ትልቅ ማንቆርቆሪያ

አሉሚኒየም በአሲድም በጠንካራ ማጠቢያም ይጎዳል። ቅርፊቱ ስስ ከሆነ ይተዉት፤ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ውሃውን ከብረቱ ይለያል። ማስለቀቅ ግድ ከሆነ አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ፣ ለብ ብሎ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ከዚያ ደህና ማለቅለቅ። አሲዱን ውስጡ አያፍሉ፣ አያሳድሩ። ቤኪንግ ሶዳም አሉሚኒየሙን ያጠቁረዋልና ለዚህ አይሆንም።

ጀበና ሸክላ ነው፤ የነካውን ሁሉ ይመጥጣል። አቼቶ ከገባበት ለብዙ ቡና ሽታውን ይመልሳል። በሙቅ ውሃ ብቻ ይታጠብ።

በላምበረት መናኸሪያ ዙሪያ ከጎህ በፊት ለተሳፋሪ ሻይ የሚያፈሉ እናቶችና ወጣቶች ማንቆርቆሪያቸው ቀኑን ሙሉ ከእሳት አይወርድም፤ ውሃው እየተተካ፣ ማዕድኑ እየተከማቸ ይውላል። በእነሱ ቤት ጽዳቱ የከሰል ወጪ ጉዳይ ነው። ለዝገት አልባ ብረት በሊትር ሃያ አምስት ግራም ሲትሪክ አሲድ ለብ ባለ ውሃ አድርገው ማታ ሥራ ሲያበቃ አንድ ሰዓት ይተዉት፤ ደፍተው ይድገሙት። ቅርፊቱ በየሳምንቱ ስስ ሳለ ከተነሳ አሥር ግራም በሊትር ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን ማታ የተረፈውን ውሃ ሳይደፉ ጠዋት በላዩ መሙላት ይቅር፤ የተረፈው ውሃ ከተነነው ሁሉ ማዕድኑን ጠቅልሎ የያዘው ነው።

ይህ ለቤትም ይሠራል። የሚጠጡትን ያህል ብቻ ያፍሉ፣ ቀሪውን ይድፉ፣ ክዳኑን ከፍተው ያድርቁ። የሮቶ ውሃ ከሆነ ቀድተው በባልዲ ያርጉትና ከላዩ ይቅዱ። የሸክላ ማጣሪያ ደለሉን ይይዛል፣ ካልሲየሙን አይይዝም። የአምቦ ውሃን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ማሞቅ ማዕድን በገዛ እጅ መጋገር ነው።

ጽዳቱ ውሃውን እንደማያክመው ግን መታወቅ አለበት። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ለሚኖሩ ሰዎች የሚመክረው ሦስት ደቂቃ ማፍላትን ነው። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ያን ያህል ሳይቆይ ይጠፋል። ውሃው በተጠረጠረበት ወቅት ለመጠጥ የሚሆነውን በድስት አፍልተው ደቂቃውን ይያዙ። በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይና በወንጂ አካባቢ ላሉ ዘመዶች ደግሞ፣ ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ይበዛል።

ሁሉን አድርገው ቅርፊቱ ከለቀቀ በኋላ አሁንም ቶሎ የሚጠፋ፣ ወለሉ ላይ ቀዳዳ መሰል የዝገት ነጥብ ያወጣ፣ ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ወይም ሶኬቱ ጋ የሚግል ማንቆርቆሪያ ካለዎት ሥራውን ጨርሷል። ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሰካው ገመዱ ተቆርጦ ነው የሚጣለው።